የአጎቴ ሱቅ ሽያጭ በሙሉ አንድ ቴብል ውስጥ ነው፤ እንዴት ልከፋፍለው?

ቱሉዲምቱ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ። ሰፈሩ በሙሉ ቤት እየተሠራበት ስለሆነ ገበያው ጥሩ ነው። ሒሳቡ ግን ከቁጥጥር ውጭ እየሆነ ነው፣ በተለይ ዱቤው።

እስካሁን የሚመዘገበው ኤክሴል ላይ ነው። አንድ ረጅም ሠንጠረዥ ነው፦ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ዕቃ 1፣ ብዛት 1፣ ዋጋ 1፣ ዕቃ 2፣ ብዛት 2፣ ዋጋ 2 እያለ እስከ ዕቃ 6 ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ድምር፣ የተከፈለ፣ ቀሪ። ሰባት ዓይነት ዕቃ የሚገዛ ሰው ሲመጣ አዲስ መስመር ይከፈትና ስሙም ስልኩም እንደገና ይጻፋል።

አንዱ ደንበኛ ሦስት ቦታ ነው ያለው፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ። ዕዳውም ሦስት ቦታ ተበታትኗል። የስልኩ መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ግማሹ ላይ የለችም። አጎቴ «ባለፈው ወር ከሲሚንቶ ስንት አተረፍን?» ሲለኝ ከዚህ ፋይል መልስ ማውጣት አይቻልም።

ኖርማላይዜሽን (መረጃን ሳይደጋገም በየቴብሉ መከፋፈል) ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ምሳሌው ሁልጊዜ ተማሪና ኮርስ ነበር። እዚህ ሱቅ ላይ ከየት እንደምጀምር ነው የጨነቀኝ። ስንት ቴብል ያስፈልገኛል? ስልክ ቁጥርን ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን መስመር ለይቶ የሚያሳውቅ መለያ) ባደርገውስ? ሱቁ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። በአንድ ፋይል የሚሠራው ዳታቤዝ፣ ኤስኪውላይት፣ ይበቃኛል?

ገላን_ልጅ

እህቴ አታካብጂው። ኤክሴሉን አስተካክይው፣ የዕቃና የደንበኛ ዝርዝር በሌላ ሺት አድርጊና ከዚያ እንዲመረጥ አድርጊ። ሱቅ እኮ ነው፣ ባንክ አይደለም።

አምድና_መስመር

ገላን፣ ዱቤ የሚሰጥ ሱቅ ያበድራል፣ ይሰበስባል፣ ማን ስንት እንዳለበት ማወቅ አለበት። እዚህ ላይ ከባንክ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። ኤክሴል ደግሞ ያልተመዘገበ ደንበኛ ስም ስትጽፊበት «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ በደንብ አይመልስሽም። ከዝርዝር ማስመረጥ ይቻላል፤ ግን ሰው ከሌላ ቦታ ኮፒ አድርጎ ሲለጥፍበት ያልፋል።

እህቴ፣ ቴብል በመቁጠር አትጀምሪ። ከሱቁ አንድ የሽያጭ ደረሰኝ ያዢና እያንዳንዱን ጽሑፍ «ይሄ ስለ ምን ነው የሚናገረው?» ብለሽ ጠይቂው። ስልኩ የሚናገረው ስለ ሰውዬው ነው፤ ዛሬ ሲሚንቶ ስለመግዛቱ አይደለም። ስለዚህ ደንበኛ ቴብል ውስጥ አንዴ ይቀመጣል። ቀኑ ስለ ሽያጩ ነው። «12 ፌሮ፣ 40 ቤርጋ» (ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ፣ 40 ዘንግ) የሚለው ደግሞ ስለ ደንበኛውም ስለ ፌሮውም ብቻውን አይናገርም፤ በዚያ ሽያጭ ውስጥ ስላለው ስለዚያ ዕቃ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የራሱ ቴብል ይፈልጋል። በዚህ መንገድ ስትሄጂ ደንበኛ፣ ዕቃ፣ ሽያጭ፣ የሽያጭ ዝርዝር እና ክፍያ የሚሉት ራሳቸው ይመጣሉ።

ዕቃ 1፣ ዕቃ 2 የሚለው አሠራር ዋናው ጠንቅ ሰባተኛው ዕቃ አይደለም። ጥያቄ ስትጠይቂው ነው የሚያስቸግረው። ስንት ቤርጋ 12 ፌሮ እንደተሸጠ ለማወቅ ስድስት ኮለም መፈተሽ አለብሽ፤ አንዱን ከረሳሽ መልሱ ይሳሳታል፣ መሳሳቱም አይታወቅም። ዝርዝሩ ወደ ታች መስመር በመስመር ሲወርድ ግን አንድ ዕቃ የገዛም ሠላሳ የገዛም በአንድ ዓይነት መንገድ ይመዘገባል።

እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ አይቢኤም ውስጥ ሆኖ ይህን ሐሳብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በዚያ ጊዜ መረጃ ለማግኘት ፕሮግራመሩ መረጃው ዲስክ ላይ እንዴት እንደተያያዘ ማወቅ ነበረበት። እሱ ሁሉንም በሠንጠረዥ አስቀምጡት፣ ግንኙነቱም ከዋጋዎቹ መመሳሰል ይምጣ አለ። የዛሬዎቹ ዳታቤዞች፣ እነ ፖስትግረስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ኦራክል ሁሉ የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

አሁን የሁሉም ሱቅ ዳታቤዝ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ልምጣ፤ ዋጋ። ብዙ ሰው ዋጋን ዕቃ ቴብል ላይ ያስቀምጥና ሽያጭ ሲመዘግብ ብዛት ብቻ ይጽፋል። «ድግግሞሽ አጠፋሁ» ብሎ ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ሲጨምር ዕቃ ቴብሉ ላይ ይለውጠዋል፤ በዚያች ቅጽበት የባለፈው ዓመት ሽያጭ በሙሉ በአዲሱ ዋጋ ይባዛል። ትላንት የተከፈለ ዕዳ ዛሬ እንደገና ቀሪ ያሳያል። ሁለቱ ዋጋዎች አንድ አይነት ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ሁለት የተለያዩ እውነቶች ናቸው። አንደኛው «አሁን የምንሸጥበት» ነው፣ የዕቃው ነው። ሌላኛው «ያን ቀን ከዚያ ሰውዬ ጋር የተስማማንበት» ነው፤ እሱ የሽያጭ ዝርዝሩ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ድርድር አለ፤ ለብዙ ገዢ ይቀነሳል። ስለዚህ የሽያጩን ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ጻፊው። ቫትም እንደዚሁ ነው። ዛሬ 15 በመቶ ነው፤ ወደፊት ቢቀየር የድሮው ደረሰኝ አብሮ መቀየር የለበትም።

የግዢ ዋጋም የራሱ ግዢ እና የግዢ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ያለ እሱ አጎትሽ ትርፍ ሲጠይቁሽ የምትመልሽው የሽያጭ ድምር ብቻ ነው።

ቱሉዲምቱ_ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የዋጋው ነገር አሁን ነው የገባኝ። እኔ እንደ ድግግሞሽ ነበር የማየው። ስልክ ቁጥሩንስ ምን ልበል? አንድ ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ጊዜ ዕዳው የኮንትራክተሩ ነው፣ መጥቶ ዕቃውን የሚወስደው ግን ፎርማኑ ነው። ፎርማኑ የራሱን ስልክ ያስመዘግባል። አንዱ ፎርማን ለሁለት ኮንትራክተር የሚሠራበት ጊዜም አለ።

አምድና_መስመር

ራስሽ መለስሽው። ስልክ ኪ ቢሆን ኖሮ ያ ፎርማን ሁለቱን ኮንትራክተር አንድ ሰው ያደርጋቸው ነበር። ሰው ሲም ይቀይራል፣ 09ም 07ም ይይዛል፣ የባለቤቱን ስልክ ይሰጣል። ፕራይመሪ ኪ የማይቀየር መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሌሎች ቴብሎች በሙሉ እሱን ይዘው ነው የሚያመለክቱት። ዳታቤዙ ራሱ የሚሰጠውን ተራ ቁጥር ተጠቀሚ። ስልክ የራሱ ትንሽ ቴብል ይኑረው፤ አንድ ደንበኛ ሁለት ሦስት ስልክ ይኖረዋል። ዓይነቱም ጽሑፍ ይሁን። ቁጥር ካደረግሽው ዜሮዋ ትጠፋለች። +251 ብሎ የሚጽፍም ስላለ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ አጻጻፍ አምጪው።

ሽያጭ ላይ ሁለት ነገር ይኑር፦ «ዕዳው የማን ነው» የሚለው ወደ ደንበኛ የሚያመለክት ፎሬን ኪ፣ እና «ማን ተረከበ»። ሁለተኛውን ብትዘይው ጭቅጭቅ ሲነሳ ይጠቅማል።

ኤስኪውላይት ለአንድ ላፕቶፕ በጣም ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ ፎሬን ኪን እንዲያስከብር ካላዘዝሽው አያስከብርም። ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነት በከፈትሽ ቁጥር ፕራግማ በሚባለው ማዘዣ ማብራት አለብሽ። ይህን የማያውቅ ሰው ቴብሉ ላይ ፎሬን ኪ ጽፎ ተጠብቄያለሁ ብሎ ይቀመጣል፣ የሌለ ደንበኛ ቁጥር ግን በሰላም ይገባል። ነገ ሁለተኛ ካሸር ከመጣ ፋይሉን በኔትወርክ ሼር አታድርጊው፤ ያኔ ወደ ፖስትግረስ ሂጂ።

ገላን_ልጅ

እሺ በዳታቤዙ ተስማማሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ደንበኛ ቴብል ላይ «ቀሪ» የሚል ኮለም አስገቢ። ሲገዛ ትጨምሪያለሽ፣ ሲከፍል ትቀንሻለሽ። ሰው ፊትሽ ቆሞ እየጠበቀ ሁሉን ሽያጭ ከመደመር ይፈጥናል።

የሒሳብ_ሰው

ይቅርታ ልጄ፣ በዚህ አልስማማም። ዕድሜዬን በሒሳብ መዝገብ ነው የጨረስኩት። ቀሪ የሚባለው ነገር ውጤት ነው፤ ከምን እንደመጣ ካልታየ ማንም አይቀበለውም። ደንበኛው «50 ሺህ የለብኝም» ሲል አንድ ቁጥር ብታሳዪው ምን ዋጋ አለው? በዚህ ቀን ይህን ወሰድክ፣ በዚህ ቀን ይህን ከፈልክ ብለሽ መስመር በመስመር ማሳየት አለብሽ። የተሳሳተ መስመር ቢኖር እንኳ አይፋቅም፤ ማስተካከያው በሌላ መስመር ይጻፋል። በብዕር በምንሠራበት ጊዜ መዝገብ መፋቅ ክልክል ነበር። ኮምፒውተር ስለመጣ ሕጉ አልተቀየረም።

አምድና_መስመር

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም ከቴክኒኩ በኩል ልጨምርበት። ቀሪን ለብቻው ስታስቀምጪ አንዱን እውነት ሁለት ቦታ እየጻፍሽ ነው። ሽያጩ ተመዝግቦ ቀሪው ሳይጨመር መብራት ቢጠፋስ? ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይስማሙም፤ የቱ ትክክል እንደሆነ የሚነግርሽም የለም። የአንድ ሱቅ ሽያጭ መደመር ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። ሽያጭና ክፍያ ቴብሎቹ ላይ በደንበኛ ቁጥሩ ኢንዴክስ (መስመሮቹን ቶሎ የሚያገኝ ማውጫ) ካለ ሰውዬው ፊትሽ ቆሞ አይጠብቅም። ፖስትግረስም ኤስኪውላይትም ፎሬን ኪ ስለጻፍሽ ብቻ ኢንዴክስ አይሠሩልሽም፣ ራስሽ ሥሪ። ማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ በተባለው የማከማቻ ክፍሉ ሲሆን ይሠራል።

መብራቱን በተመለከተ ትራንዛክሽን የተባለው ለዚሁ ነው። ሽያጩን፣ ዝርዝሮቹን፣ እጅ በእጅ የከፈለ ካለ ክፍያውን በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልያቸው። ወይ ሁሉም ይገባል ወይ ምንም አይገባም። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ ላፕቶፑ ሲነሳ ግማሽ የተመዘገበ ሽያጭ አታገኚም።

ገላን_ልጅ

የሥራው መጠን ሲያድግስ? ትልልቅ ሲስተሞች ቀሪን ለብቻው ያስቀምጣሉ እኮ።

አምድና_መስመር

ያስቀምጣሉ፣ ልክ ነህ። ግን እንቅስቃሴውን ከጻፉ በኋላ፣ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ፣ ለፍጥነት ብለው ነው። ከዝርዝሩ ድምር ጋርም በየጊዜው ያመሳክሩታል። ዋናው መዝገብ ዝርዝሩ እንደሆነ ይቆያል። ይህን የምታደርገው መዘግየቱን በዓይንህ ስታየው ነው፤ ከወዲሁ አይደለም።

ክምችትም ልክ እንደዚሁ ነው። ዕቃ ቴብል ላይ «የቀረ ብዛት» ከማለት ገቢ፣ ሽያጭ፣ ተመላሽ፣ ብልሽት ብሎ እንቅስቃሴውን መመዝገብ ይሻላል። ክረምት ላይ እርጥበት ነክቶት የደረቀ ሲሚንቶ በብልሽት ይወጣል። እንዲህ ካልሆነ ቆጠራ ሲደረግ የጎደለው ተሰረቀ ይሁን ተበላሸ አይታወቅም፤ ምንም ያላጠፋ ሠራተኛ ላይ ጥርጣሬ ያርፋል። ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። መጥፎ ዲዛይን ሰው ያስጠይቃል።

ለገጣፎ_በኩል

ሰላም፣ ስለ መለኪያ ማንም አላነሳም። እኔ ተመሳሳይ ሱቅ ላይ ነው የምሠራውና ከሁሉም ያስቸገረኝ እሱ ነው። ሲሚንቶ ዋጋው በኩንታል ይነገራል፣ የሚወጣው ግን ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው፤ ሁለቱ አንድ ኩንታል። ፌሮ ከጅምላ በኪሎ ተመዝኖ ይገባል፣ በቤርጋ ይሸጣል። ባለ 12 ሚሊሜትሩ በ12 ሜትር ርዝመት ወደ 10.7 ኪሎ ነው፣ ባለ 8ቱ ከ5 ኪሎ አይበልጥም። ብዛት የሚል ኮለም ላይ «20» ተብሎ ተጽፎ ከረጢት ይሁን ኩንታል ካልታወቀ አለቀ።

እኔ ያደረግሁት ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መነሻ መለኪያ መወሰን ነው። ሲሚንቶ በከረጢት፣ ፌሮ በቤርጋ፣ ሚስማር በኪሎ። ከዚያ የመለኪያ መቀየሪያ ቴብል አለ፤ ፕራይመሪ ኪው ሁለት ኮለም ነው፣ ዕቃውና መለኪያው አንድ ላይ። ብቻውን መለኪያ አይበቃም፤ የሚስማር ካርቶንና የቀለም ካርቶን አንድ አይደሉምና። መጽሐፍ ላይ ጥምር ኪ ሲባል ለምን እንደሚያስፈልግ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብን ደግሞ በፍሎት (የነጥብ ቁጥርን በግምት በሚይዝ ዓይነት) አታስቀምጪ። ኮምፒውተሩ 0.1ን በትክክል መያዝ ስለማይችል ድምሩ በሳንቲም ክፍልፋይ ይዛባል። ኤስኪውላይት እውነተኛ የዴሲማል ዓይነት ስለሌለው ሁሉንም በሳንቲም ቀይረሽ ሙሉ ቁጥር አድርገሽ አስቀምጪ፤ ስታሳዪ ለመቶ ታካፍያለሽ።

ቱሉዲምቱ_ማዶ

መለኪያው የእኛም ችግር ነው፣ አመሰግናለሁ! ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ የስሙ ነገር፣ ሦስቱ ኃይሉዎች። ሁለተኛ ቀን። አጎቴ ሁሉን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚፈልገው።

ለገጣፎ_በኩል

ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጪው፣ አትቀይሪበት። አጠገቡ የመፈለጊያ ኮለም ጨምሪ፤ እዚያ ላይ ሐ እና ኃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ። ከነ እርባታቸው ማለቴ ነው፣ ሑም ሁ ይሆናል። ካሸሩ ሲፈልግም የጻፈው በዚያው መንገድ ተቀይሮ ይፈለግ። ኮለሙን ዳታቤዙ ራሱ ከስሙ አስልቶ እንዲሞላው ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከዋናው ስም ጋር አይለያይም። ግን ዩኒክ (ሁለቴ የማይገባ) አታድርጊው። ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለሽ ለየብቻ ያዢ፤ አያቱን የማይናገር ስለሚኖር ባዶ መሆን ይፈቀድለት።

ቀኑን ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጆቹ አስቀምጪ። የእኛን ቀን ዴት ኮለም ውስጥ በቀጥታ ካስገባሽ ጥቅምት 30 ሁለተኛ ወር ሠላሳኛ ቀን ይሆናል፤ የካቲታቸው 30 ስለሌለው ፖስትግረስ አልቀበልም ይላል። ኤስኪውላይት ደግሞ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ የሚከፋው እሱ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ ቦታ የላትም። እኔ የቀን መቁጠሪያ ቴብል ሠርቻለሁ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር አለው፦ የፈረንጅ ቀን፣ የእኛ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ሪፖርት ሲወጣ ከሽያጭ ጋር ጆይን ይደረጋል፣ ማለትም በቀኑ ይገጣጠማል። «በሚያዝያ ስንት ተሸጠ» የሚለው ቀላል ጥያቄ ይሆናል።

አምድና_መስመር

ይህን መልስ ወድጄዋለሁ፤ የቀን መቁጠሪያ ቴብሉ በተለይ።

ክፍያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ብዙ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ አስተላልፎ ስክሪንሾት ያሳያል። ያው አንዱ ስክሪንሾት ሁለቴ ሲታይ የሚያጋጥምበት ጊዜ አለ፤ ሆን ተብሎም ሳይታሰብም። የተላለፈበትን ተቋምና የማስተላለፊያ ቁጥሩን አንድ ላይ ዩኒክ አድርጊያቸው። ካሸሩ ሁለተኛ ሲያስገባው ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላል፤ የሰው ንቃት ላይ አትደገፊ። ጥሬ ብር ሲሆን ቁጥሩ ነል ይሁን። ፖስትግረስም ኤስኪውላይትም ማይኤስኪውኤልም ብዙ ነል በዩኒክ ውስጥ ይቀበላሉ፤ ምክንያቱም ነል ማለት «አይታወቅም» ነው፣ ሁለት ያልታወቁ ነገሮች እኩል ናቸው ማለት አይቻልም። በሰረዝ ወይም በዜሮ ከሞላሽው ግን ሁለተኛው ጥሬ ብር ክፍያ ላይ ትቆሚያለሽ።

ስለ ማጥፋትም፦ ደንበኛ ሲጠፋ ሽያጩም አብሮ ይጥፋ የሚለውን ካስኬድ እዚህ አትጠቀሚ። አንድ ሰው በስህተት ደንበኛውን ቢያጠፋ ዕዳው በሙሉ ይሄዳል። ሽያጭ ያለው ደንበኛ እንዳይጠፋ አድርጊ፤ ከእንግዲህ የማይመጣ ከሆነ «ንቁ አይደለም» የሚል ምልክት ይበቃዋል።

ቱሉዲምቱ_ማዶ

ወረቀት ላይ ስዬዋለሁ፦ ደንበኛ፣ ስልክ፣ ዕቃ፣ የመለኪያ መቀየሪያ፣ ሽያጭ፣ የሽያጭ ዝርዝር፣ ግዢ፣ የግዢ ዝርዝር፣ ክፍያ፣ የክምችት እንቅስቃሴ፣ የቀን መቁጠሪያ። ከኤክሴሉ በላይ ብዙ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ለምን እንዳለ አሁን ለአጎቴ ማስረዳት እችላለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፤ የድሮውን ኤክሴል እንዴት ላስገባው?

አምድና_መስመር

በቀጥታ ወደ አዲሶቹ ቴብሎች አታስገቢው። መጀመሪያ እንዳለ፣ ሁሉም ኮለም ጽሑፍ ሆኖ፣ ለብቻው አንድ ቴብል ውስጥ ጫኝው። እሱን አትንኪው፤ ማስረጃ ነው። ከእሱ ላይ ደንበኞቹን በመፈለጊያ ስምና በስልክ አሰባስቢና የሚመሳሰሉትን ከአጎትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ ለዩ። የትኛው ኃይሉ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ኮድ አይፈታውም። የድሮ ሽያጮችን በሙሉ ለማጽዳት አትድከሚ። የእያንዳንዱን ደንበኛ ቀሪ «መነሻ ዕዳ» ብለሽ በአንድ መስመር አስገቢና አዲሱን ከዚያ ጀምሪ።

ባክአፕንም አሁኑኑ አስቢበት። ፕሮግራሙ እየሠራ ፋይሉን ዝም ብለሽ ወደ ፍላሽ ኮፒ ካደረግሽ ግማሽ የተጻፈ ነገር ልትወስጂ ትችያለሽ። ኤስኪውላይት የራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አለው፣ በእሱ ይሁን። ፍላሹም ከሱቁ ውጭ ይደር። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ ድምሩ ከሱቁ ጋር እኩል መሆኑን እዪ።

የሒሳብ_ሰው

መነሻ ዕዳውን ከማስገባትሽ በፊት ደንበኞቹን አስፈርሚ። «እስከዚህ ቀን ይህን ያህል አለብኝ» ብለው ይፈርሙ። አንዳንዱ ይከራከራል፣ ይከራከር፤ አሁን ቢያልቅ ይሻላል። የመነሻ ቀኑን ደግሞ ሐምሌ 1 ብታደርጉት ከበጀት ዓመቱ ጋር ይገጥማል፤ ቆጠራውንም ሰኔ 30 ማታ ሱቁ ሲዘጋ አድርጉት።

ቱሉዲምቱ_ማዶ

እሺ ጋሼ። ለአጎቴ ነግሬዋለሁ፣ ሐምሌ 1 ብሏል። ኮንትራክተሮቹን ከነገ ጀምሮ በስልክ እንጠራቸዋለን።